የጤና አዳም ኤክስትራክታችንን በአይጠ መጎጥ ያስፈተሽንበት የጅማ ቤተ ሙከራ፦ የደንበኛ ግምገማ

ከዕፅዋት የተዘጋጀ ምርት ጅማ ላይ ለመሸጥ የሚነሣ ሰው ከሱቅ ባለቤቱም፣ ከፋርማሲስቱም፣ ከገዢውም አንድ ጥያቄ አይቀርለትም፤ በእንስሳት ተፈትሿል ወይ? እኛ የምናዘጋጀው ከጤና አዳም ቅጠልና ፍሬ በአልኮል የሚወጣ፣ በጠብታ የሚወሰድ ኤክስትራክት ነው። ለጥያቄው መልስ እንዲሆነን በከተማው ውስጥ ለውጭ ደንበኛ በሚሠራ፣ ከየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ጋር ባልተያያዘ አንድ አነስተኛ የግል ቤተ ሙከራ ሁለት ፍተሻ አሠርተናል፤ አንደኛው በአንድ ጊዜ በሚሰጥ ከፍተኛ መጠን የሚደረገው የአጣዳፊ መርዛማነት ፍተሻ ሲሆን ሁለተኛው ለ28 ቀን በየዕለቱ እየተሰጠ የሚካሄደው ነው። የማመሰግንበትም የምነቅፍበትም ነገር ስላለኝ የቤተ ሙከራውን ስም አልጠራም። ፍርዴን ከወዲሁ ለማስቀመጥ ያህል፣ በእንስሳቱ ላይ የሚሠራውን ሥራ በአመዛኙ በጥንቃቄ ይሠራሉ፤ መዝገባቸውና የመጨረሻው ሪፖርታቸው ግን የሥራቸውን ያህል አይደለም።

መጀመሪያ ያስደሰተኝ የናሙና አቀባበላቸው ነው። የተፈጨ ቅጠል በከረጢት ይዞ የሚመጣን ሰው አይቀበሉም። አበባና ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ እንዲደርቅ፣ የተለቀመበት ቀበሌና ቀን እንዲጻፍበት፣ በዕፅዋት ባለሙያ ተለይቶ የናሙና ቁጥር እንዲሰጠውና ያ ቁጥር በሪፖርቱ ላይ እንዲሰፍር ይጠይቃሉ። አንዳንድ ደንበኛ ይህን እንደ ቢሮክራሲ ሲቆጥረውና ሲያጉረመርም ሰምቻለሁ። ነገር ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ቤልጂየም ውስጥ ክብደት ለመቀነስ በሚሰጥ የዕፅ ክኒን ውስጥ ስቴፋኒያ የሚባለው የቻይና ዕፅ መግባት ሲገባው አሪስቶሎኪያ የሚባለው ገብቶ፣ ከመቶ የማያንሱ ሰዎች ኩላሊታቸው ተበላሽቷል፤ ከእነርሱም ውስጥ በኋላ በሽንት ቧንቧ ካንሰር የተያዙ ነበሩ። እዚያ የተሳሳተው የመርዛማነቱ ስሌት ሳይሆን የዕፁ ማንነት ነው። በሕርማታ የሐሙስ ገበያ በእስር በእስር የሚሸጠው ጤና አዳም ከየት ከየት እንደሚመጣ ሻጯም ሁልጊዜ አታውቀውም። ስለዚህ የናሙና ቁጥር የሌለው ሪፖርት የየትኛው ቅጠል ሪፖርት እንደሆነ ማንም ሊናገር አይችልም።

ሁለተኛው ጉዳይ ኤክስትራክቱ የሚወጣበት መንገድ ነበር፤ እዚህ ላይ ጥቂት ተከራክረናል። የቤተ ሙከራው የተለመደ አሠራር፣ የደረቀውን ቅጠል ፈጭቶ በ80 ፐርሰንት ሜታኖል ለ72 ሰዓት መዘፍዘፍ፣ በማጣሪያ ወረቀት ማጥለልና ፈሳሹን አትንኖ የቀረውን ጥቁር አረንጓዴ ሙጫ መፈተሽ ነው። አብዛኛው የአገራችን የምርምር ጽሑፍም የሚከተለው ይህንኑ መንገድ ስለሆነ ለምን እንደመረጡት ይገባኛል። ችግሩ እኛ በሜታኖል አናወጣም፤ እንኳን እኛ ማንም ሰው ቤቱ በሜታኖል አያወጣም። ሜታኖል ከቅጠሉ የሚያወጣው ነገር ውኃ ከሚያወጣው ይለያል፤ የመጠጥ አልኮል ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ድብልቅ ይሰጣል። ጤና አዳምን አንድ ቀንበጥ ቡና ስኒ ውስጥ ጣል አድርጎ ለሚጠጣ ሰው በሜታኖል የወጣው ሙጫ ውጤት የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው፤ በተቃራኒው፣ እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን በቡና መጠጣታቸው እኛ በጠርሙስ ላከማቸነው ኤክስትራክት ዋስትና አይሆንም። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ሁለተኛው ነው። «ድሮም የምንጠጣው ነው» የሚል ነጋዴ የሚሸጠው ድሮ የሚጠጣውን ነገር እንዳልሆነ ቢያስብበት መልካም ነው።

በመጨረሻ እኛው ያወጣነውን፣ ለገበያ የምናቀርበውን ራሱን ኤክስትራክት ተቀብለው ለመፈተሽ ተስማሙ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አስቀመጡ፤ ትክክልም ነበሩ። አልኮሉ ሙሉ በሙሉ ተንኖ የደረቀው ብቻ እንዲመዘን፣ ይህም በሙጫ መልክ ስለሚቀር ትዊን 80 በሚባለው ማሟሚያ ውኃ ውስጥ ተበጥብጦ እንዲሰጥ ወሰኑ። አልኮሉ ካልወጣ እንስሳው ሲንገዳገድና ሲያንቀላፋ የሚታየው ምልክት የጤና አዳሙ ይሁን የአልኮሉ መለየት አይቻልም። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ቅጠል ስንት ግራም ኤክስትራክት እንደወጣ በሪፖርቱ እንዲጻፍ መጠየቃቸውንም ወድጄዋለሁ፤ ይህ ቁጥር ከሌለ በእንስሳ ላይ የተሰጠውን መጠን ወደ ቅጠል መልሶ ማስላት አይቻልም።

የእንስሳት ቤታቸውን ለማየት ስንጠይቅ ያለማመንታት አሳዩን። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት፣ ማለትም ኦኢሲዲ፣ ለእነዚህ ፍተሻዎች ያወጣው መመሪያ የክፍሉ ሙቀት በ22 ዲግሪ ዙሪያ ሦስት ዲግሪ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ፣ የአየሩ እርጥበት ከ30 እስከ 70 ፐርሰንት፣ ብርሃኑም 12 ሰዓት በርቶ 12 ሰዓት ጠፍቶ እንዲሆን ያዛል። የጅማ አየር ለሙቀቱ እምብዛም አያስቸግርም፤ እርጥበቱ ነው ፈተናው። በክረምት ዝናቡ ሳያባራ ሲቀር የግድግዳቸው መለኪያ ከ70 በላይ እንደሚያሳይ በመዝገባቸው ላይ ራሳቸው ጽፈውታል። መጻፋቸው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ እርጥበት የሚያወርድ መሣሪያ አለመግዛታቸው ግን አሁንም ጉድለት ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚነሣው ለማቀዝቀዣዎቹ ብቻ ስለሆነ የብርሃኑ ሰዓትም አልፎ አልፎ ይዛባል።

በዚሁ ቤት ውስጥ የበለጠ ያሳሰበኝ ግን ብዙ ደንበኛ ዞር ብሎ የማያየው ጉዝጓዙና መኖው ነው። ኬጆቹ ውስጥ የሚነጠፈው በአቅራቢያው ካለ የእንጨት ሥራ ቤት የሚመጣ ሰጋቱራ ሲሆን፣ በዚያ ቤት ጥድም፣ የፈረንጅ ጥድም፣ ሌላም ይሰነጠቃል። የጥድ ዝርያ የሆኑ እንጨቶች የሚያወጡት ሽታ ያለው ዘይት በአይጦች ጉበት ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብሩትን ኢንዛይሞች እንደሚያነሣሣ የታወቀ ነው። ይህ ማለት እንስሳው ኤክስትራክቱን ከተለመደው ፈጥኖ ሊያስወግደው፣ ወይም ወደ ሌላ ጎጂ ነገር ፈጥኖ ሊለውጠው ይችላል፤ በሁለቱም መንገድ ውጤቱ ይዛባል። መኖውም እንዲሁ ነው። በቆሎ በጅማ እርጥበት ሲከማች ሻጋታ ያወጣል፤ አንዳንዱ ሻጋታ ደግሞ ጉበትን የሚጎዳ አፍላቶክሲን ያመነጫል። በ28 ቀኑ ፍተሻ ይህ ቢያንስ ኤክስትራክቱ በማይሰጠው በማነጻጸሪያ ምድቡ ላይም ስለሚታይ ልዩነቱ ይያዛል። የአጣዳፊው ፍተሻ መመሪያ ግን የማነጻጸሪያ ምድብ አያስገድድም፤ ስለዚህ በዚያ ፍተሻ ጉበቱ ላይ አንድ ነገር ቢታይ ከጤና አዳሙ መጣ ወይስ ከበቆሎው የሚለውን የሚመልስ የለም። ይህን ሳነሣ የክፍሉ ኃላፊ መኖውን በየጊዜው ወደ አዲስ አበባ ልኮ ለማስመርመር ማቀዱን ነገረኝ። እስከዚያው ድረስ ለአጣዳፊውም ፍተሻ የማነጻጸሪያ እንስሳት እንዲጨመሩ ጠይቀን ተጨማሪውን ከፍለናል፤ ሌላውም ደንበኛ እንዲህ እንዲያደርግ እመክራለሁ።

ወደ ፍተሻው እንምጣ። የተሠራልን የኦኢሲዲ ቁጥር 425 በሚባለው መመሪያ መሠረት ነው። ቀድሞ ግማሾቹን እንስሳት የሚገድለውን መጠን ለማግኘት ብዙ እንስሳ ይጨረስ ነበር፤ የዚያ አሠራር መመሪያ በ2002 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ተሰርዟል። በ425 ግን አነስተኛ መርዛማነት ሲጠበቅ በቀጥታ በኪሎ ክብደት 2000 ሚሊ ግራም ለአንዲት እንስሳ ይሰጣል፤ እርሷ ከተረፈች ሌሎች አራት ተራ በተራ ይሰጣቸዋል። የሚመረጡት ወልደው የማያውቁና ያላረገዙ፣ ከስምንት እስከ 12 ሳምንት ዕድሜ ያላቸው ሴት አይጠ መጎጦች ናቸው። ሌሊቱን ከምግብ ተከልክለው ያድሩና ጠዋት ተመዝነው፣ ጫፉ ክብ በሆነ ረጅም መርፌ በጉሮሯቸው በኩል ወደ ሆዳቸው ይሰጣቸዋል። ከዚያ በመጀመሪያው 30 ደቂቃ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓታት በልዩ ትኩረት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በየጊዜው፣ ከዚያም በየዕለቱ እስከ 14 ቀን ይታያሉ።

የቤተ ሙከራውን ብቃት ያየሁት አንዲት እንስሳ በሞተችበት ጊዜ ነው። ኤክስትራክቱን ከወሰደች ብዙም ሳትቆይ መተንፈስ ተቸግራ ሞተች። ለሻጭ የሚመቸው ነገሩን ዝም ብሎ ማለፍ፣ ለጠንቃቃ መሳይ የሚመቸው ደግሞ «መርዝ ነው» ብሎ መጻፍ ነበር። እነርሱ ሁለቱንም አላደረጉም፤ ሬሳዋን ወዲያው ከፍተው ሳንባዋን ሲያዩ አረንጓዴው ፈሳሽ እዚያ ተገኘ። መርፌው ወደ ሆድ ሳይሆን ወደ ሳንባ ገብቷል ማለት ነው። ይህን በፎቶ አስደግፈው፣ የሰጪውን ባለሙያ ስም ጽፈው፣ በምትኳ ሌላ እንስሳ እንደተጨመረ ገልጸው በሪፖርቱ አስገቡት። የእንስሳቱ ጠባቂ፣ ሥራውን ለዓመታት የሠሩ ሰው ናቸው፣ ኬጁን እያሳዩኝ «ጋሼ፣ እጅ የሳተውን በቅጠሉ አናላክክም» አሉኝ። ለዚህ ቤት ከፍተኛውን ነጥብ የምሰጠው በዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ 2000 ሚሊ ግራም ለሰው ምን ማለት ነው የሚለው ሲሆን፣ ቤተ ሙከራው ይህን ለደንበኛው በበቂ አያስረዳም። የሰው ክብደት 60 ኪሎ ነው ብሎ 2000ን በ60 ማባዛት ትልቅ ስህተት ነው፤ 120 ግራም ይሆናል። ትንሽ እንስሳ በክብደቱ ልክ ሲታይ መድኃኒትን ከሰው ፈጥኖ ያስወግዳል፤ ስለዚህ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2005 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ የአይጠ መጎጥ መጠን ለሰው ሲሰላ በ6.2 ይካፈላል። በዚህ ስሌት 2000 ወደ 320 ገደማ ይወርዳል፤ ለ60 ኪሎ ሰው 19 ግራም ያህል ደረቅ ኤክስትራክት መሆኑ ነው። ይህም ቢሆን «19 ግራም ድረስ መውሰድ ይቻላል» ማለት አይደለም። ቁጥሩ እንስሳው ያልሞተበት መጠን እንጂ ያልተጎዳበት መጠን አይደለም፤ ለሰው የሚሰጥ የመጀመሪያ መጠን የሚወሰነው ጉዳት ካልታየበት መጠን ተነሥቶ ሲሆን፣ ያም ቢሆን ቢያንስ በ10 ይካፈላል። በተጨማሪም አይጠ መጎጥ ማስመለስ አይችልም። መራራ ነገር ሲበዛበት ሰው ያስመልሳል፤ እርሱ ግን የወሰደውን ሁሉ በሆዱ ይዞ ይቆያል። የሐሞት ከረጢትም የለውም። እነዚህ ልዩነቶች በሪፖርቱ ግርጌ በሁለት ዐረፍተ ነገር ቢሰፍሩ የሚጎዳ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደምነቅፈው ልምጣ። የ14 ቀኑን የምልከታ ቅጽ ዋናውን ካልሰጣችሁን ብለን ስናስቸግር ሰጡን፤ ስናየው የሥራ ቀናቱ ገጾች በተለያየ እጅ ጽሑፍ፣ በተለያየ ሰዓት፣ «ፀጉሯ ቆሟል»፣ «መኖ ቀንሳለች»፣ «ተሻላት» እየተባለ የተጻፉ ሕያው ገጾች ናቸው። የእሑዶቹ ግን በአንድ ብዕር፣ በአንድ ሰዓት፣ ከላይ እስከ ታች «ደህና» ብቻ ይላሉ። ስጠይቅ የተሰጠኝ ማብራሪያ፣ እሑድ ጠባቂው እንስሳቱን ያያሉ፣ ቅጹን ግን ሰኞ ጠዋት ሌላ ሰው ይሞላዋል የሚል ነው። ማብራሪያውን አምናለሁ፤ አሠራሩን ግን አልቀበለውም። የመርዛማነት ፍተሻ ሙሉ ዋጋው ያየው ሰው ባየበት ሰዓት በገዛ እጁ መጻፉ ላይ ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ኢንዱስትሪያል ባዮ ቴስት የሚባል ትልቅ የፍተሻ ድርጅት የሞቱ እንስሳትን በሌላ እየተካ፣ ያልተሠራ ምርመራ እንደተሠራ እየጻፈ መገኘቱ ዓለምን ካስደነገጠ በኋላ ነው «መልካም የላቦራቶሪ አሠራር» የሚባለው ደንብ በ1978 በአሜሪካ፣ በ1981 ደግሞ በኦኢሲዲ የወጣው። ለእኛ ደግሞ የእንዶድ ታሪክ ይበቃናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ዕፁ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ሊያጠፋ እንደሚችል አሳዩ። ለዓመታት ከገቱት ነገሮች አንዱ ግን የዕፁ ኃይል ማነስ አልነበረም፤ በአገር ውስጥ የተሠራው የመርዛማነት መረጃ በዚያ ደንብ መሠረት የተመዘገበ አይደለም ተብሎ በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ዘንድ ተቀባይነት ማጣቱ ነበር፤ ፍተሻውም በውጭ አገር ላቦራቶሪ እንደገና እንዲሠራ አስፈልጓል። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ያገኙት በ1989 (እ.ኤ.አ.) ነው። እንግዲህ የእሑዱ «ደህና» የሚያስከፍለው ዋጋ ይህን ያህል ሊሆን ይችላል። ጥሩ ሥራ ሠርቶ በወረቀት ምክንያት ውድቅ መሆን ያንገበግባል።

የ28 ቀኑ ፍተሻ ላይ ብዙ አልቆይም፤ በኦኢሲዲ መመሪያ ቁጥር 407 መሠረት በአራት ምድብ፣ በየምድቡ አምስት ወንድና አምስት ሴት ሆነው 40 እንስሳ ገብተው ተሠርቷል። የክብደት፣ የደም፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራው ተሟልቷል፤ የሂስቶፓቶሎጂ ስላይዶቹም፣ ማለትም በአጉሊ መነጽር የሚታዩት የአካል ክፍል ስስ ቁራጮች፣ ፎቷቸው ጥርት ያለ ነው። ቅር ያሰኘኝ ሪፖርቱ የየምድቡን አማካይ ብቻ ይዞ መምጣቱ ነው። አሥር እንስሳ ባለበት ምድብ ዘጠኙ ጤነኛ ሆነው አንዱ ጉበቱ ክፉኛ ቢጎዳ አማካዩ ብዙም ላይናገር ይችላል። የእያንዳንዱን እንስሳ ውጤት ስንጠይቅ ወዲያው ላኩልን፤ ሳይጠየቁ ቢያያይዙት ኖሮ ነገሩ አይነሣም ነበር። በስላይዶቹ መለያ ላይ የምድቡ ስም በግልጽ መጻፉም ተገቢ አይመስለኝም፤ ስላይዱን የሚመረምረው ባለሙያ የትኛው ከፍተኛውን መጠን እንደወሰደ እያወቀ ሲያይ ዓይኑ የሚፈልገውን ያገኛል።

ሁለቱ ፍተሻዎች በምንም ያህል ጥንቃቄ ቢሠሩ የማይመልሷቸው ጥያቄዎች መኖራቸውን ደግሞ ገዢው ማወቅ አለበት፤ በጤና አዳም ጉዳይ እነዚህ ጥያቄዎች ዋነኞቹ ናቸው። የጤና አዳም ዝርያዎች ጽንስ በማስወረድ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃሉ። በፍተሻው የገቡት ሴቶች ግን በመመሪያው ትእዛዝ ያላረገዙ ናቸው። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር ያለውን ጉዳት ይህ ፍተሻ ሊያሳይ አይችልም፤ ለዚያ ቁጥር 414 የሚባል ሌላ ፍተሻ ያስፈልጋል፤ ቤተ ሙከራው ደግሞ አይሠራውም። ሁለተኛው ፀሐይ ነው። ቅጠሉ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ውህዶች አሉት፤ እነዚህ ቆዳ ላይ አርፈው ፀሐይ ሲያገኛቸው እንደ እሳት ቃጠሎ ያለ ቁስል ያወጣሉ። ጤና አዳም ሲነቅል ውሎ እጁ የቆሰለ ሰው ይህን ያውቀዋል። አይጠ መጎጦቹ ግን ዘመናቸውን በመብራት ሥር፣ ከፀሐይ ርቀው የሚኖሩ ናቸው፤ ይህ ጉዳት በእነርሱ ላይ የሚታይበት መንገድ የለም። ለዚህም በሴሎች ላይ የሚሠራ፣ እንስሳ የማይነካ፣ ቁጥር 432 የተባለ ፍተሻ አለ፤ እርሱንም ጅማ ላይ አላገኘንም።

እንስሳ ሊነግረን የማይችለው ሌላም አለ። ኮሶ በብዛት የጠጡ ሰዎች የማየት ችግር እንደገጠማቸው በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል፤ አይጠ መጎጥ ግን ራሴን አዞረኝ፣ ዓይኔ ደበዘዘ አይልም። ታሊዶማይድም የዚሁ ትልቅ ምስክር ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናትን አካል ያጎደለው ያ መድኃኒት በአይጠ መጎጥ ላይ ይህን ያህል ጉዳት ሳያሳይ፣ በጥንቸል ላይ ግን አሳይቷል። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት አብሮ የሚወስድ ሰው ምን እንደሚገጥመው ደግሞ ጤነኛ እንስሳ ሊመሰክርለት አይችልም።

ለዚህ ሁሉ ነው የሪፖርቱ የመጀመሪያ ረቂቅ መደምደሚያ ያስቆጣኝ። «ምርቱ ለሰው ልጅ ፍጹም ደህንነቱ የተጠበቀ መሆኑ ተረጋግጧል» ይላል። ለነጋዴ ከዚህ የሚጣፍጥ ዐረፍተ ነገር የለም፤ ይህን ቆርጦ በጠርሙሱ ላይ መለጠፍ ነው የሚቀረው። ነገር ግን አምስት እንስሳ በአንድ መጠን ታይተው፣ 40 እንስሳ ለ28 ቀን ታይተው «ለሰው ልጅ» እና «ፍጹም» የሚሉ ቃላት ከየት ይመጣሉ? እንዲስተካከል በጽሑፍ ጠየቅን፤ ሁለተኛው ረቂቅ «በአንድ ጊዜ በአፍ ሲሰጥ፣ ገዳይ መጠኑ ከ2000 ሚሊ ግራም በኪሎ በላይ ሆኖ ተገምቷል» የሚል ሆኖ መጣ። ይህ ትክክለኛ ነው፤ ደስ ብሎንም ተቀበልን። እንደተረዳሁት ግን የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ለሁሉም ደንበኛ የሚሄድ የቆየ ቅጽ ነው፤ ስለዚህ ሳይጠይቁ የተቀበሉ ደንበኞች በከተማው ውስጥ መኖራቸው አይቀርም። የዕፅ ምርት ስትገዙ «በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል» የሚል ጽሑፍ ብታዩ ሪፖርቱን ራሱን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።

በእንስሳት አያያዝ ረገድ ቅሬታ የለኝም። እንስሳው ሊድን በማይችልበት ሥቃይ ውስጥ ከገባ ሞቱን ሳይጠብቁ በማደንዘዣ ያሳርፉታል፤ ፍተሻ የጨረሱት እንስሳት ለሌላ ሥራ አይዞሩም፣ ሬሳቸውም በማቃጠያ ይወገዳል። ራስልና በርች የሚባሉ እንግሊዛውያን በ1959 (እ.ኤ.አ.) ያስቀመጧቸውን ሦስት መርሆዎች፣ በሌላ መተካትን፣ ቁጥር መቀነስንና ሥቃይን ማቅለልን፣ በግድግዳ ላይ ለጥፈዋቸዋል። ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው፤ እነርሱ ግን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ሳይመጣ ሥራ አይጀምሩም፤ ይህም ጊዜያችንን ቢወስድብንም ሥራው በዚህ መንገድ መሄዱን ወድጄዋለሁ።

ዋጋው ለትንሽ አምራች ይከብዳል። ፕሮፎርማው በዝርዝር የተከፋፈለ መሆኑ ጥሩ ነው፤ ከፍተኛው ድርሻ የእንስሳቱ ሳይሆን የደምና የሂስቶፓቶሎጂ ምርመራው ነው። ግማሹ በቅድሚያ፣ ቀሪው ሪፖርቱ ሲረከብ ይከፈላል። ቀጠሮ ያከብራሉ፤ ዘግይተው የሚያውቁት መብራት በጠፋበትና የደም መመርመሪያው በቆመበት ሰሞን ብቻ ነው፤ ያንንም ደውለው ነገሩን።

ለማን ይሆናል ብትሉኝ፣ ለምርታቸው የመጀመሪያ የመርዛማነት መረጃ ለሚፈልጉ፣ ሪፖርት አንብበው መጠየቅ ለሚችሉ ወይም የሚጠይቅላቸው ፋርማሲስት ላላቸው አምራቾች ይሆናል። ወረቀቱን ብቻ ፈልጎ ለሚሄድ ሰው አልመክረውም፤ ወረቀቱ ያለ ጠያቂ ሲወጣ ከሚገባው በላይ ይናገራልና። ስትሄዱ ፍሬና አበባ ያለው ናሙና ያዙ፣ ለገበያ የምታቀርቡትን ራሱን ኤክስትራክት እንዲፈትሹ በውሉ አጽፉ፣ የማነጻጸሪያ እንስሳት አስጨምሩ፣ የምልከታ ቅጹንና የእያንዳንዱን እንስሳ ውጤት ከሪፖርቱ ጋር አብራችሁ ተረከቡ። ከሌላ ወረዳ የመጣ ወይም በሌላ ወቅት የተለቀመ ቅጠል የውህዱ ይዘት ሊለያይ ስለሚችል አንድ ሪፖርት ለዘለዓለም እንደማያገለግልም አስቡ።

እኛ ሪፖርቱን ከተረከብን በኋላ የጠርሙሱን ጽሑፍ ቀይረናል። «በእንስሳት የተፈተሸ» የሚለውን አላስገባንም፤ በምትኩ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት እንዳትወስደው፣ የሚወስደው ሰው ለረጅም ሰዓት ፀሐይ ላይ እንዳይቆይ፣ ሌላ መድኃኒት የሚወስድም ሐኪሙን እንዲያማክር ጽፈናል። ለሚቀጥለው ዙር ወደዚሁ ቤተ ሙከራ ተመልሰን በውኃ የሚወጣውን ዝግጅት ለ28 ቀን ልናስፈትሽ ተነጋግረናል፤ በውሉ ላይ ያስገባነው አዲስ አንቀጽ፣ የእሑድ ቅጽ እሑድ በተመልካቹ እጅ ተሞልቶ እንዲፈረም የሚያዝ ነው።